በምግብ ቤት ስለሚቀርብ ጥሬ ሥጋ

በአውሮፓና በአሜሪካ አገሮች እሳት ያልነካውን ምግብ ብቻ መብላት ለጤና ይበጃል ብለው የሚያምኑ ሰዎች አሉ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ የነበረው ሐኪም ቢርኸር ቤነር ሕሙማኑን በጥሬ ፍራፍሬና በጥሬ አትክልት ይመግብ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የእነዚህ ሰዎች ችግር የሚጀምረው ከቤታቸው ወጥተው ምግብ ቤት ሲገቡ ነው፤ የሚቀርበው አብዛኛው የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ በመሆኑ ለእነሱ የሚስማማ ጥሬ ነገር ማግኘት ያዳግታቸዋል። በእኛ አገር ግን ነገሩ ተገላብጦ ይገኛል። በሥጋ ቤቶቻችን ከሁሉ የከበረው ገበታ ጥሬ ሥጋ ነው፤ በባልንጀሮቹ መካከል ተቀምጦ የሚቸገረውም የበሰለ የሚያዝዘው ሰው ነው። ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን በዚህ ነገር ላይ አስተያየታችንን ብንገልጽላቸው አይከፋቸውም ብለን እናምናለን።

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚመጣ መንገደኛ፣ ከሳይንትና ከወግዲ ለገበያ የሚወጣ ነጋዴ፣ ከሩቅ ተመድቦ የመጣና ገና ትዳር ያልያዘ መምህር፣ እነዚህ ሁሉ የሚመገቡት በምግብ ቤት ነው። የተሰቀለውን ሥጋ ተመልክተው ከሻኛው፣ ከጎድኑ ወይም ከጭቅናው እንዲቆረጥላቸው ያዝዛሉ፤ ቢላዋና እንጀራ፣ አዋዜና ሚጥሚጣም ይቀርብላቸዋል። ይህን ልማድ ለማንቋሸሽ አልተነሣንም። ቁርጥ የሠርግና የበዓል ምግብ ነው፤ ከረዥሙ ጾም በኋላ በፋሲካ ቤተ ዘመድ የሚሰበሰብበት፣ እንግዳም የሚከበርበት ነው። ይሁን እንጂ በቤቱ የሚያርድ ሰው ቢያንስ በሬውን ከማን እንደ ገዛው፣ ማን እንደ ገፈፈው፣ በምን ላይ እንደ ተበለተ ያውቃል። በምግብ ቤት የሚበላው ግን ይህን ሁሉ ያላየ በመሆኑ ጤናውን በአደራ ለማያውቀው ሰው ይሰጣል። የበሰለ ምግብ ሲሆን የአራጁንና የቆራጩን ጉድለት እሳቱ በብዙ ይሸፍናል። ጥሬ ሲሆን ግን ከአራጁ ቢላዋ እስከ በላተኛው አፍ ድረስ በመካከል ቆሞ የሚከላከል ዘበኛ የለም።

ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው ዋነኛው ደዌ የኮሶ ትል እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ትሉ ከወዴት እንደሚመጣ ብዙ ሰው አይመረምርም፤ ከበሬው የተፈጠረ ይመስለዋል። እውነቱ ከዚህ የተለየ ነው። ያደገው ትል የሚኖረው በሰው አንጀት ብቻ ነው። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይደርሳል፤ አካሉም እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ሆኖ ከ1,000 እስከ 2,000 ከሚሆኑ ቁርጥራጮች የተያያዘ ነው። የጎለመሱት ቁርጥራጮች እየተበጠሱ ከሰገራ ጋር ይወጣሉ፤ አንዲቱ ቁራጭ ብቻዋን እስከ 100,000 የሚደርስ እንቁላል ልትይዝ ትችላለች። ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ እንቁላሉ በሣሩና በውሃው ላይ ይበተናል፤ በዚያም ሳይሞት ወራት ሊቆይ ይችላል። ከብቱ ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉን ይውጣል፤ ከእንቁላሉ የወጣውም ረቂቅ ተባይ የከብቱን አንጀት በስቶ በደም ተጉዞ ወደ ጡንቻው ይገባል፤ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜም ውሃ የቋጠረ ትንሽ ነጭ ከረጢት ይሆናል። ይህን ሥጋ ጥሬውን የበላ ሰው ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ባለ ትል ይሆናል። ሩዶልፍ ሎይካርት የተባለው የጀርመን ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 የትሉን ቁርጥራጮች ለጥጃ አብልቶ ከረጢቶቹን በጥጃው ሥጋ ውስጥ በማግኘቱ የዚህ መንገድ አንዱ ክፍል በሙከራ ተረጋግጧል።

እንግዲህ በሬው በደል የለበትም። ትሉን ለበሬው የሚሰጠው ሰው ነው፤ በሬውም የተቀበለውን መልሶ ለሰው ይሰጣል። ጥሬ ሥጋ በልቶ ትል የያዘው ሰው በመጸዳጃ ቤት የማይጠቀም ከሆነ የራሱን ሆድ ብቻ አልጎዳም፤ የጎረቤቱን መስክና የገበሬውን ከብት ጭምር በክሏል። ገበሬውም አሳድጎ የሸጠው በሬ ትል ተገኘበት ተብሎ ሥጋው ሲጣል የሌላውን ሰው ዕዳ ይከፍላል። ሆዴ የራሴ ነው የሚለው ንግግር በዚህ ጉዳይ የማይሠራውም ስለዚህ ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ደዌ ለይተው ያውቁት ነበር። ሕመሙንና መድኃኒቱን ኮሶ ብለው በአንድ ስም መጥራታቸው ሁለቱ ምን ያህል ተቆራኝተው እንደ ኖሩ ያስረዳል። የኮሶ ዛፍ የደጋ ዛፍ ነው፤ አበባው ደርቆና ተወቅጦ በየገበያው ይሸጥ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሳ ሲባሉ ጠላቶቻቸው በእናታቸው ኮሶ ሻጭነት ይሰድቧቸው እንደ ነበር በታሪክ ይነገራል፤ የእኒያው ንጉሥ ሕይወት በ1860 ዓ.ም. ያለፈችበት መቅደላም ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አገራችን ጥሬ ሥጋና ስለ ኮሶ ዛፍ ጽፏል፤ ከአገሩ ሰዎች ብዙዎቹ ግን የጥሬ ሥጋውን ወሬ ሐሰት ነው ብለው ተሳለቁበት።

ኮሶ መጠጣት ግን ትሉን ቢያስወጣም ትሉ የገባበትን በር አይዘጋም። የጠጣው ሰው በሳምንቱ ተመልሶ ጥሬ ሥጋ ይበላል፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ተመልሶ ኮሶ ይሻል። ከዚህም በላይ መጠኑ ያልታወቀ ኮሶ ዐይንን እስከ መጉዳት የሚደርስ መርዝ ሊሆን ይችላል። ዛሬ በጤና ተቋማት የሚታዘዙት ፕራዚኳንቴልና ኒክሎዛማይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ መዋጥ ትሉን ያጠፋሉ። ስለዚህ የትል ቁራጭ ያየ ሰው ሳያፍር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ይገባዋል፤ በግምት ከሱቅ ገዝቶ መዋጥም ሆነ ኮሶ መጠጣት አይገባውም።

በሥጋ ቤት ገበታ ዙሪያ የሚነገሩ አንዳንድ ከንቱ እምነቶችንም ማንሣት ያስፈልጋል። አንዱ ሚጥሚጣው ትሉን ያቃጥለዋል ይላል፤ ሁለተኛው አረቄ ሲጨመርበት ይሞታል ይላል፤ ሦስተኛውም ክትፎውን ለብለብ አድርጎ በማዘዝ የዳነ ይመስለዋል። ሚጥሚጣና አዋዜ ምላስን ያቃጥላሉ እንጂ በሥጋው ውስጥ ያለውን ከረጢት አይገድሉም። አረቄም በሆድ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ የለውም፤ ማስተዋልን ብቻ ይቀንሳል። ለብለብ የተባለውም ክትፎ ውጪው ሞቆ ውስጡ ጥሬ እንደ ሆነ ይቀራል። ከረጢቱ የሚሞተው የሥጋው ውስጥ ሙቀት 60 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በእኛ ደጋ፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ፣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ወጡ ለመብሰል ቢዘገይም ትሉን ለመግደል የሚበቃ ሙቀት አለው። ሥጋን ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ቅዝቃዜ ለ10 ቀን ማቆየትም ከረጢቱን ይገድለዋል፤ ነገር ግን በዕለቱ ታርዶ በዕለቱ የሚያልቅ ሥጋ ይህን የመሰለ ጥበቃ አያገኝም።

የታተመበት ሥጋ ነውና ምን እንፈራለን የሚል ይኖራል። የሥጋ ምርመራ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ስለ ሥጋ ምርመራ ዐዋጅ ቁጥር 274 ወጥቷል። በባለሙያ ታይቶ ማኅተም ያረፈበትን ሥጋ መምረጥ አስተዋይነት ነው፤ ማኅተም የሌለውን ጥሬ መብላት ግን ድፍረት ነው። ሆኖም የመርማሪውም ሥራ ወሰን አለው። መርማሪው የመንጋጋውን ጡንቻ፣ ምላሱን፣ ልቡንና ትከሻውን ሰንጥቆ ያያል፤ ሥጋውን ሁሉ ቢከትፈው ግን የሚሸጥ ነገር አይተርፍም። ጥቂት ከረጢት ብቻ ያለበት በሬ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። ማኅተሙ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ የእሳትን ሥራ አይተካም። ታምሞ የታረደ ወይም ሞቶ የተገኘ ከብት ሥጋ ደግሞ አባ ሰንጋን የመሰለ ገዳይ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ ከናካቴው ሊነካ አይገባም።

አባቶቻችን በልተውት ዕድሜ ጠግበው ኖረዋል የሚለውም መልስ ይሻል። በእርግጥ የኮሶ ትል ብዙ ጊዜ ሰውን አይገድልም፤ ሆድ ይቆርጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ የምግብ ፍላጎትን ያዛባል፣ ከሁሉም ይልቅ ያሳፍራል። ነገር ግን አባቶቻችን ኖሩ ማለት ሳይታመሙ ኖሩ ማለት አይደለም። እንደ ኮሶ የመረረ የሚለው ንግግር በቋንቋችን እስኪለመድ ድረስ ያንን ምሬት ደጋግመው መጎንጨታቸው ለዚህ ምስክር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የገበታው ይሉኝታ ነው። በደመወዝ ዕለት ባልንጀሮች ተሰብስበው ቁርጥ ሲያዝዙ አንዱ ለእኔ ጥብስ ይሁንልኝ ቢል እንደ ፈሪ ወይም እንደ ሕፃን ይቆጠራል። በሞቴ፣ አፈር ስሆን እየተባለ በግድ ይጎረሳል፤ እርሱም ፍቅርን የናቀ እንዳይመስል ሳይወድ ይውጣል። ይህ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በወሎ ምድር ክርስቲያኑና እስላሙ ለየራሱ እያረደ በአንድ መንደር ይኖራል፤ በሠርግም በሐዘንም ይገናኛል። እንግዳው የባለቤቱን ሥጋ ባይበላ ማንም አይቀየመውም፤ እንዲያውም ለእርሱ የሚሆነው ተለይቶ ይዘጋጅለታል። የሰውን እምቢታ በሃይማኖት ምክንያት ይህን ያህል ማክበር የሚያውቅ ሕዝብ በጤና ምክንያት ለሚነገር እምቢታ አክብሮት ሊነፍግ አይገባውም። የበሰለ እፈልጋለሁ ያለውን እንግዳ እሺ ማለት ከአገራችን ልማድ የወጣ ሳይሆን ከመልካሙ ልማዳችን የተገኘ ነው።

ሥጋ በማይበላበት ቀንም ጥሬ ነገር ከገበታ አይጠፋም። በረቡዕና በዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ስንግ ቃሪያ ይቀርባሉ። እነዚህ በቆሸሸ ውሃ የለሙ ወይም በቆሸሸ እጅ የተነኩ እንደ ሆኑ የወስፋት እንቁላልን፣ አሜባንና የታይፎይድ ተሐዋስያንን ይዘው ይመጣሉ። ምግብ ቤቱ በንጹሕና በሚፈስ ውሃ ደጋግሞ ማጠቡን ያላረጋገጠ እንግዳ ሽሮውንና ምስር ወጡን በትኩሱ ቢያዝዝ ይሻለዋል።

አስተያየታችንን በአጭር ቃል ስናስቀምጠው፣ በምግብ ቤት የሚበላ ሰው ሥጋን አብስሎ ይብላ እንላለን። ጥሬውን መተው ያልቻለ ቢኖር ማኅተሙን ሳያይ አይዘዝ፤ ትል የታየበት ዕለት ይታከም፤ ሜዳ ላይም ከቶ አይጸዳዳ። የሥጋ ቤት ባለቤቶች የሥጋውን ማኅተም እንግዳው ሳይጠይቅ ያሳዩ፤ ሥጋውን ከዝንብ ይከልሉ፤ ገንዘብ የተቀበለ እጅ ሳይታጠብ ሥጋ እንዳይቆርጥ ይጠብቁ። ለጥሬ ሥጋ የሚሰጡትን ክብር ለጥብሱም ይስጡ፤ በደንብ የተጠበሰ ጎድን ከማንኛውም ገበታ አያንስምና።

መምህራን ሆይ፣ በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው የእናንተ ቃል ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የሰገራ አወጋገድንና የምግብን ንጽሕና በየቤቱ የሚያስተምሩ ሠራተኞችን አሠማርቷል፤ ነገር ግን ትምህርቱ በቤት ተሰምቶ በሥጋ ቤት ቢረሳ ጥቅሙ ይጎድላል። የትሉን መንገድ ከሰው ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ በሬ፣ ከበሬ ወደ ሰው እያደረጋችሁ በሰሌዳ ላይ ለተማሪዎቻችሁ ሣሉላቸው። ከዚያም በምትበሉበት ምግብ ቤት ድምፃችሁን ሳትቀንሱ የበሰለ እዘዙ። ተማሪው በሰሌዳ ያየውን በመምህሩ ገበታ ላይ ሲያይ ያምናል፤ የሚያፍር ባልንጀራችሁም ከእናንተ በኋላ ደፍሮ የበሰለ ያዝዛል።