አመዱ ዴልሂ ደረሰ፣ ደብረ ማርቆስስ?

ኅዳር ከታጠነ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አፋር ውስጥ ኤርታ አሌ አጠገብ ያለው ሃይሊ ጉቢ የሚባል ተራራ ፈነዳ። በተመዘገበ ታሪክ ፈንድቶ አያውቅም። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን አልፎ በማግስቱ ማታ የሕንድ ሰማይ ላይ ታየ። ኤር ኢንዲያ 11 በረራዎችን ሰረዘ።

አሁን ካርታ አምጡ። ከሃይሊ ጉቢ እስከ ደብረ ማርቆስ በቀጥታ መስመር ሲለካ 500 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዴልሂ ግን ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ታዲያ ሩቋ ከተማ ስትሸፈን ቅርቧ እንዴት አመለጠች?

መልሱን የጎጃም ገበሬ አውድማ ላይ በየዓመቱ ያየዋል። እህል ሲዘራ ፍሬው እዚያው ይወድቃል፣ ገለባው ንፋሱ ወዳለበት ይሄዳል። የእሳተ ገሞራ አመድም እንደዚያው ነው። ከባዱ ተራራው ስር ይረግፋል፣ ደቃቁ ይጓዛል። ልዩነቱ ሰማይ ላይ አንድ ንፋስ ብቻ አለመኖሩ ነው። በበጋ እኛን የሚነካን የታችኛው ንፋስ በአብዛኛው ከምሥራቅ ይነፍሳል፤ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ግን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልብ ኃይለኛ ንፋስ ነው። የሃይሊ ጉቢ አመድ እላይኛው ላይ ተሳፈረ። ፍንዳታው አነስ ብሎ አመዱ ታች ቢቀር ኖሮ አቅጣጫው ወደ ደጋው ሊሆን ይችል ነበር። ያዳነን ዝግጅት አይደለም፣ ከፍታ ነው።

ይሄን ሁሉ የሚከታተለው ማነው? ዓለም ለአቪዬሽን በ9 የእሳተ ገሞራ አመድ ማዕከላት ተከፋፍላለች። የእኛ ሰማይ ያለው በፈረንሳይዋ ቱሉዝ ማዕከል ስር ነው። ሳተላይቶች ከምድር የሚወጣውን ሙቀት በኢንፍራሬድ ያያሉ፤ አመድና የውሃ ደመና ሙቀቱን የሚያሳልፉት በተለያየ መንገድ ስለሆነ ሁለቱ ይለያሉ። ሌሎች ሳተላይቶች ደግሞ አብሮ የሚወጣውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይለካሉ። ከዚያ የኮምፒውተር ሞዴል ተረኛ ይሆናል፤ የፍንዳታውን ሰዓት፣ የአመዱን ከፍታና መጠን፣ በየደረጃው ያለውን ንፋስ ይቀበልና አመዱ ከሰዓታት በኋላ የት እንደሚደርስ ያሰላል። የመጀመሪያው የከፍታ ግምት ከተሳሳተ ግን ሞዴሉም አብሮ ይሳሳታል።

ይህ ሥርዓት በነጻ አልመጣም። በ1982 እ.ኤ.አ. አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ኢንዶኔዥያ ላይ አመድ ውስጥ ገብቶ አራቱም ሞተሮቹ ጠፍተው ነበር፤ በተአምር ዳነ። አመድ ሞተር ውስጥ ይቀልጥና እንደ መስታወት ይጋገራል። በ2010 እ.ኤ.አ. የአይስላንድ አመድ ወደ 100,000 የሚጠጉ በረራዎችን አሰረዘ፤ አየር መንገዶች 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አጡ። እኛም ቀምሰነዋል። ሰኔ 2003 ዓ.ም. የኤርትራው ናብሮ ሲፈነዳ፣ አዲስ አበባ የነበሩት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን አመዱን ሽሽት ጉብኝታቸውን አሳጥረው ወጥተዋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የኢኮኖሚክስ ጥያቄ የሚሆነው። መረጃ የጋራ ሀብት ነው፤ አንዴ ከተመረተ በኋላ ለአንድ ሰውም ለሚሊዮንም ማድረስ ብዙም የወጪ ልዩነት የለውም። ግን የሚመረተው ለሚከፍል ደንበኛ ቋንቋ ነው። ፓይለቱ በሰዓታት ውስጥ የአመዱን ካርታ ያገኛል። አፍዴራ ያለው አርብቶ አደርስ? የአካባቢው ባለሥልጣናት እንደተናገሩት የሰው ሕይወት ባያልፍም መንደሮች በአመድ ተሸፍነው ከብቱ የሚግጠው አጥቷል። ለአውሮፕላን ማስጠንቀቂያ ነበረ፣ ለላም አልነበረም።

«እኛ ጋ ምን አገባው?» የሚል የማርቆስ አንባቢ ይኖራል። ኅዳር ማለት እኮ ጤፍ የሚታጨድበት፣ ክምሩ ሜዳ ላይ ያለበት ወር ነው። አመድ የተቀላቀለበት ጭድ ለከብት አደጋ ነው፣ በተለይ ፍሎራይን ካለበት። በ1783 እ.ኤ.አ. የአይስላንዱ ላኪ ሲፈነዳ ከሀገሪቱ ከብት ግማሽ ያህሉ አለቀ። ያ ፍንዳታ የእኛንም ደጅ አንኳኩቷል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ላኪ የአፍሪካን የክረምት ዝናብ አዳክሞ የናይልን ውሃ እንዳሳነሰ በሞዴል አሳይቷል። የናይል የክረምት ውሃ ደግሞ በአብዛኛው የአባይ ነው፤ አባይ ጎጃምን ነው የሚዞረው። ለነገሩ ጮቄ ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ፣ ዘንገና ሐይቅም የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው። የምናርሰው አፈር ከዚያው የመጣ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አዲስ ሳተላይት ማምጠቅ አይደለም የምለው። የቱሉዝ ማስጠንቀቂያ ለሁሉም ክፍት ነው። የንፋስ ትንበያውን የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይሠራል። የመሬት እንቅስቃሴውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች ይከታተላሉ። የጎደለው እነዚህን አገናኝቶ በአማርኛ፣ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛ አጭር መልእክት የሚያደርግ አንድ ጠረጴዛ ነው፦ «አመድ ሊደርስ ይችላል፤ ክምሩን ሸፍኑ፣ ከብቱን አታሰማሩ፣ የምንጩን ውሃ ክደኑ።» ቀበሌ ድረስ የግብርና ባለሙያ አለ፣ ስልክም አለ።

የዚህ ወጪ ስንት ነው? ከአንድ ወረዳ በሬዎች ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ንፋሱ ግን ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ አይነፍስም።