ስለ ሰው ሠራሽ ትከሻ መበላሸትና ስለ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና

የሰው እጅ የሠራው ነገር ሁሉ አንድ ቀን ማርጀቱና መበላሸቱ የታወቀ ነው። ቤት ቢያዘምም ይታደሳል፤ ድልድይም ቢሰነጠቅ ይጠገናል። ነገር ግን የተበላሸው በሰው ገላ ውስጥ የተተከለ መገጣጠሚያ የሆነ እንደ ሆነ፥ ጥገናው ከፊተኛው ሥራ ይልቅ የከበደ ይሆናል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጥ የፈለግነው፥ ሰው ሠራሽ ትከሻ ሲበላሽ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና መልካም ፍሬ እንዲያፈራ የፊተኛው ጉድለት በግልጥ ሊታወቅና ሊመዘገብ የሚገባው መሆኑን ነው።

ነገሩ ከጥንት የመጣ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. ዡል ኤሚል ፔአን የተባሉት ሐኪም በፓሪስ ከተማ፥ ትከሻው በነቀርሳ በሽታ ለተጐዳ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ከፕላቲንና ከላስቲክ የተሠራ መገጣጠሚያ ተከሉለት። ሰውዬው ክንዱን ለማንቀሳቀስ ቻለ፤ ዳሩ ግን ቁስሉ ከውስጥ ስላልጠፋ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ የተተከለው ወጣ። እንግዲህ የሰው ሠራሽ ትከሻ ታሪክ ሲጀመር የመበላሸቱም ታሪክ አብሮ ተጀምሯል። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ፖል ግራሞን የተባሉት ፈረንሳዊ ሐኪም የኳሱንና የጉድጓዱን ቦታ ያለዋወጠ ግልብጥ መገጣጠሚያ አወጡ። ይህም ትከሻን የሚያዞሩት ጅማቶች ቢበጠሱ እንኳ በላይ የተደፋው ትልቁ ጡንቻ ክንዱን እንዲያነሣ ስለሚረዳ፥ ዛሬ በሁለተኛው ቀዶ ሕክምና እጅግ የሚሠራበት ሆኗል።

የመበላሸቱ ምክንያት ብዙ ነው። የጉድጓዱ ክፍል ከአጥንቱ ይላላል፤ ጅማቱ ይበጠሳል፤ መገጣጠሚያው ይወልቃል፤ ወይም በዙሪያው ያለው አጥንት ይሰበራል። ከሁሉ ይልቅ አሳሳቹ ግን የተሰወረው መመርቀዝ ነው። ኩቲባክቴሪየም አክኔስ የተባለው ባክቴሪያ በትከሻ ቆዳ የሚኖርና ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለ ሆነ፥ ትኩሳትም መግልም ሳያሳይ ሕመምና መገተር ብቻ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ከመገጣጠሚያው የተወሰደው ናሙና በላቦራቶሪ ሁለት ሳምንት ያህል ይጠበቃል። ይህነን ሳያጣራ አሮጌውን በአዲስ የሚለውጥ ሐኪም፥ በበሰበሰ መሠረት ላይ አዲስ ምሰሶ እንደሚያቆም ግንበኛ ነው። መመርቀዙ ከተገኘ ብዙ ጊዜ አሮጌው ወጥቶ መድኃኒት የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ለጊዜው ይቀመጣል፤ ስፍራው ሲጠራም አዲሱ ይተከላል።

በሁለተኛው ጊዜ ሐኪሙ የሚያገኘው አጥንት የሳሳ፥ ሥጋውም በጠባሳ የተያያዘ ነው፤ የክንድ ነርቮችም በአጠገቡ ያልፋሉ። ስለዚህ የሁለተኛው ውጤት ብዙ ጊዜ ከፊተኛው ያነሰ መሆኑ ለበሽተኛው አስቀድሞ በእውነት ሊነገረው ይገባል።

አንዳንዶች ጉድለትን መመዝገብ የሐኪምን ስም ያጐድፋል ይሉ ይሆናል። እኛ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እንላለን። ስዊድን በ1975 ዓ.ም. የጉልበትን፥ በ1979 ዓ.ም. የዳሌን መገጣጠሚያ በአገር አቀፍ መዝገብ መጻፍ ጀመረች። አውስትራሊያም በ1999 ዓ.ም. መዝገቧን አቋቋመች፤ ኤ.ኤስ.አር. የተባለው የዳሌ መገጣጠሚያ ከሌሎቹ አብልጦ ለዳግመኛ ቀዶ ሕክምና የሚዳርግ መሆኑን መዝገቡ ስላሳየ፥ ዕቃው በ2009 ዓ.ም. ከዚያች አገር ገበያ ወጣ፤ በ2010 ዓ.ም. ከመላው ዓለም ተሰበሰበ። እንግሊዝና ዌልስም ትከሻን በ2012 ዓ.ም. በመዝገባቸው ጨመሩ። አንድ ሐኪም በጥቂት በሽተኞች ሊያስተውለው የማይችለውን ጉድለት፥ የብዙ ሺህ ሰዎች መዝገብ ፈጥኖ ይገልጠዋል።

ከአገራችንም ለሕክምና ወደ ውጭ የሚሄዱ ስላሉ ምክሩ ለእኛም ነው። መገጣጠሚያ የተተከለለት ሰው የዕቃውን ስም፥ መጠንና ቍጥር የያዘውን ወረቀት፥ የቀዶ ሕክምናውን ጽሑፍና የራጁን ሥዕል ይዞ ይመለስ፤ በቤቱም ይጠብቀው። ይህ ወረቀት የሌለው እንደ ሆነ፥ ኋላ የሚያክመው ሐኪም ዕቃውን ለማውጣት የትኛው መሣሪያ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ይቸግረዋል። ሐኪሞቻችንም መልካም የሆነውን ብቻ ሳይሆን የተበላሸውንም ይመዝግቡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለበሽተኛ ብቻ አይደለም፤ ለሕክምናም ነው።