ታማኝ መርማሪ ስለ መምረጥ

ሀብቱ የተሰረቀበት ወይም የሚያምነው ሰው የከዳው የመሰለው ሁሉ እውነቱን እስኪያውቅ ድረስ ዕረፍት የለውም። ራሱ ተዘዋውሮ ለመመርመር ጊዜ ወይም ችሎታ ሲያጥረው በዋጋ ሌላ ሰው ይልካል። ይህ በዋጋ የሚላክ ሰው በዛሬ አነጋገር የግል መርማሪ ይባላል። ስሙ አዲስ ይምሰል እንጂ ሥራው ከጥንት የነበረ ነው። ስለዚህ ሊታሰብበት የሚገባው ነገር መርማሪ መቅጠር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ሳይሆን፣ የሚቀጠረው ማን ነው፣ የሚቀጠረውስ በምን ውል ነው የሚለው ነው። ሌባ የሚወስደው በሬን ወይም ገንዘብን ነው፤ ይህ በድካም ይተካል። ክፉ መርማሪ ግን የንጹሕ ሰው ስም ይወስዳል፤ ስም ደግሞ አንድ ጊዜ ከጠፋ ከገበያ ተገዝቶ አይመለስም።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የደንዲን አገር መመልከት ይበቃል። ደንዲ በምዕራብ ሸዋ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ወረዳ ሲሆን ዋና ከተማው ጊንጪ ነው። በጊንጪ ዙሪያ ያለው መረሬ ምድር ክረምት ሲገባ ውሃ የሚቋጥርና ለማረስ የሚከብድ ስለ ሆነ፣ ገበሬው ያለ ጠንካራ በሬ ሥራው አይቃናለትም። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር የአንድ ገበሬ በሬ በሌሊት ቢሰረቅ የጠፋው በሬ ብቻ አይደለም፤ የዓመቱ እህልና የልጆቹ ቀለብ ጭምር ነው። ባለቤቱ ዱካ ተከትሎ እስከ ጎረቤት ቀበሌ ይደርስ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ ወደ አምቦም፣ ወደ ሆለታም፣ ወደ አዲስ አበባም የሚያደርስ በመሆኑ ብቻውን ሊከታተለው አይችልም። በዚህ ጊዜ «እኔ አገኝልሃለሁ፤ ይህን ያህል ስጠኝ» የሚል ሰው ይመጣል። የመጣው ሰው ታማኝ ቢሆን በሬው ይገኛል፣ ወይም አለመገኘቱ በእውነት ይነገራል። አታላይ ቢሆን ግን ገንዘቡን ከበላ በኋላ፣ ገበሬው አስቀድሞ የሚጠላውን የጎረቤቱን ስም ጠርቶለት ይሄዳል። ከዚህ የሚከተለው ጠብ፣ አንዳንድ ጊዜም ደም ነው። የፈሰሰውን ደም በጉማ ሥርዓት ለማስታረቅ የአገር ሽማግሌዎች ስንት ቀን እንደሚደክሙ የምዕራብ ሸዋ ሰው ያውቀዋል።

በኢትዮጵያ ሌባን በዋጋ የሚፈልግ ሰው መቅጠር ረዥም ታሪክ አለው። ከሁሉ ይልቅ የሚታወሰው ሌባ ሻይ የሚባለው ነው። ይኸውም ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት በወተት አጠጥተውና ጢስ አስጠጥተው፣ ወገቡን በመቀነት አስረው ይለቁታል፤ ልጁም እየተንገዳገደ ከመንደር መንደር ይሮጣል፤ መሪውና ባለ ንብረቱ ይከተሉታል። ልጁ ከገባበት ቤት ገብቶ ከመኝታው ላይ ሲወድቅ፣ የዚያ ቤት ጌታ ሌባ ተብሎ የጠፋውን እንዲከፍል ይገደዳል። በ19ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች ይህን ነገር አይተው ጽፈውታል። ልማዱ እስከ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ ቆይቶ ከዚያ በኋላ ተከልክሎ ቀርቷል።

የሌባ ሻይ ጉዳት ምን እንደ ነበረ ያስተዋለ ሰው፣ ዛሬ መርማሪ ሲቀጥር ሊጠነቀቅበት የሚገባውን ሁሉ ከዚያው ይማራል። መጀመሪያ፣ መሪው ተከፍሎት የመጣ ስለ ሆነ ባዶ እጁን መመለስ አይችልም ነበር፤ አንድ ሰው የግድ መገኘት ነበረበት። ሁለተኛ፣ ልጁ የደነዘዘ ስለ ነበረ «በምን ዐወቅህ?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ሦስተኛ፣ የተያዘው ሰው የሚከራከርበት ነገር አልነበረውም፤ በሕልም ያለ ልጅ ምስክርነት እንዴት ይሻራል? ዛሬ መድኃኒቱና መቀነቱ ቢቀሩም፣ ያለ ማስረጃ የሰው ስም የሚጠራ፣ የዕውቀቱን ምንጭ የማይናገርና ሌባ ካላገኘ ዋጋ የማይቀበል መርማሪ ያው የጥንቱ ሌባ ሻይ ነው።

ከዚህ ሌላ ደግሞ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው ሥርዓት ነበረ። በዚህ ሥርዓት የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌዎች ተመርጠው፣ እያንዳንዱ የሚያውቀውን በመሐላ እንዲናገር ይጠየቃል። አጥፊው ካልተገኘ የአገሩ ሰው የጠፋውን በጋራ ይከፍላል። ይህ ሥርዓት በአደባባይ የሚሠራ በመሆኑ ከሌባ ሻይ የተሻለ ነበር፤ ምክንያቱም የተናገረውም የተነገረበትም ፊት ለፊት ይተያያሉ። ነገር ግን የራሱ ሸክም ነበረው። ገበሬው ሥራውን ፈትቶ ከሜዳ ይውላል፤ ያልቀረበው ይቀጣል፤ ምንም ያላጠፋው ለአጥፊው ዕዳ ይከፍላል።

ከዚያ በኋላ ሕግ ነገሩን ወደ መንግሥት እጅ አመጣው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወንጀልን የመመርመር ሥልጣን ለፖሊስ ሰጠ፤ የሰው ቤት የሚፈተሸው በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲሆን፣ ያለ ትእዛዝ የሚፈተሽባቸውም ሁኔታዎች የተወሰኑ እንዲሆኑ ደነገገ፤ ቃሉን የሚሰጥ ሰው በማስፈራራት ወይም በተስፋ እንዳይታለል ከለከለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንዲቈጠር፣ በ26ኛው አንቀጽም የሰው ቤቱ፣ አካሉ፣ ደብዳቤውና የስልክ ንግግሩ እንዲከበር ያዝዛል። የኦሮሚያ ክልልም በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ ዕውቅና ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ተበዳይ ከፖሊስም፣ ከፍርድ ቤትም፣ ከአገር ሽማግሌም ዘንድ የሚቆምበት ቦታ አለው። የግል መርማሪ ሥራ እነዚህን መተካት ሳይሆን፣ ለእነዚህ የሚሆን እውነት ማቅረብ ብቻ ነው።

በሌላው ዓለም የሆነውን ማወቅም ይጠቅማል። በፈረንሳይ አገር ቪዶክ የሚባለው ሰው አስቀድሞ ወንጀለኛ ሆኖ የታሰረ፣ በኋላም የፓሪስ ምስጢር ፖሊስ አለቃ የነበረ ሲሆን፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1833 ዓመት የግል የምርመራ ቤት ከፈተ። በአሜሪካም አለን ፒንከርተን በ1850 ዓመት ገደማ በቺካጎ ከተማ ስሙ የገነነ ድርጅት አቋቋመ። ይህ ሰው በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለጄኔራል ማክሌላን የጠላትን ጦር ብዛት የሚሰልል ሆኖ፣ ከእውነተኛው ቍጥር እጅግ የበዛ ቍጥር ያቀርብለት ነበር። ጄኔራሉም አስቀድሞ ፈሪ ነበረና ፍርሃቱን የሚያጸናለት ወሬ ሲያገኝ ከመግጠም ይዘገይ ነበር። ድርጅቱ ከጊዜ በኋላ ለባለ ፋብሪካዎች የታጠቀ ዘበኛ ማቅረብ ጀመረ፤ በ1892 ዓመት በሆምስቴድ ከሠራተኞች ጋር ተጋጭቶ ከሁለቱም ወገን ሰዎች ሞቱ፤ በማግሥቱም ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ከእንዲህ ያለ ድርጅት ሰው እንዳይቀጥር በሕግ ተከለከለ።

በቅርብ ዘመንም በእንግሊዝ አገር ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ የሚባለው ጋዜጣ የቀጠረው መርማሪ የሰዎችን የስልክ መልእክት በስውር ሲሰማ ተገኝቶ በጥር 1999 ዓ.ም. ታሰረ። በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ደግሞ የተገደለች የአንዲት ልጅ የስልክ መልእክት ሳይቀር መሰማቱ በመታወቁ ሕዝቡ ተቈጣ፤ 168 ዓመት የቆየውም ጋዜጣ ተዘጋ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መርማሪው የሠራው በደል በቀጣሪው ራስ ላይ ይመለሳል፤ «እኔ እውነቱን አምጣ አልሁ እንጂ ስረቅ አላልሁም» ማለት አያድንም።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለዚህ ጉዳይ ከመጻሕፍት የተሻለ ምሳሌ ያውቃሉ። ሙሴ የከነዓንን ምድር እንዲሰልሉ 12 ሰዎች ልኮ ነበር። ሁሉም ያዩት ምድር አንድ ሲሆን፣ ዐሥሩ ባዩት ላይ የልባቸውን ፍርሃት ጨምረው በመናገራቸው ሕዝቡ 40 ዓመት በምድረ በዳ ተንከራተተ፤ ኢያሱና ካሌብ ግን ያዩትን ሳያጋንኑ ተናገሩ። እንደዚሁም ሶስና በሁለት ሽማግሌዎች የሐሰት ቃል ልትሞት ስትወሰድ፣ ወጣቱ ዳንኤል ሁለቱን ለያይቶ ነገሩ የሆነው ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደ ሆነ ጠየቃቸው፤ ቃላቸው ስላልተባበረ ሐሰታቸው ተገለጠ። ዳንኤል የተጠቀመው ጥበብ ሌላ አይደለም፤ «በምን ዐወቃችሁ?» ማለት ብቻ ነው። የሽማግሌዎቹ ክብርና ዕድሜ ይህን ጥያቄ ከመጠየቅ አልከለከለውም።

እንግዲህ መርማሪ የሚቀጥር ሰው ሊያደርገው የሚገባው እንዲህ ነው። አስቀድሞ ጉዳዩ የወንጀል ነገር ከሆነ ሳይዘገይ ለፖሊስ ያመልክት፤ «ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፣ ዱካው ከጠፋ በኋላ የሚደረግ ጩኸት አይጠቅምም። ከዚያም የሚቀጥረው ሰው መኖሪያውና ጠባዩ የታወቀ፣ ዋስ የሚጠራ መሆኑን ያረጋግጥ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የሚፈለገው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚፈጸም ይጻፍበት። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ዋጋው ለድካሙ እንጂ ለሚጠራው ስም እንዳይሆን ነው። «ሌባውን ካመጣህ እከፍልሃለሁ» የሚል ሰው እውነትን አልገዛም፤ ሌባ የሚሆንለትን ሰው ገዛ።

ሰውዬው ታማኝ መሆኑ ደግሞ በሥራው መጀመሪያ ይታወቃል። ታማኝ መርማሪ ከመነሣቱ በፊት «ይህን ለምን ትፈልገዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለበቀል ወይም ሰውን ለማሳደድ ከሆነ እምቢ ይላል። የሰው ቤት ሰብሮ ለመግባት፣ ደብዳቤ ለመክፈት፣ ስልክ ለመጥለፍ አይስማማም። ባመጣው ወሬ ውስጥ በዐይኑ ያየውን፣ ከሌላ የሰማውንና የገመተውን ለይቶ ያስቀምጣል። ለተጠረጠረው ሰው የሚጠቅም ነገር ሲያገኝ አይደብቅም። ያገኘውንም ከቀጣሪውና ከሕግ በቀር ለማንም አያወራም። «አላገኘሁም» ለማለትም አያፍርም። እንዲያውም ይህን አንድ ቃል መናገር የሚችል መርማሪ፣ «አገኘሁ» ሲልም ሊታመን የሚገባው ነው።

ቀጣሪውም የራሱ ግዴታ አለበት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ቢባልም፣ መጠርጠር ሌላ፣ መፍረድ ሌላ ነው። ገበሬውም ሆነ ነጋዴው፣ ለልጁ ጋብቻ የሚያጠያይቀውም ሆነ ቤት የሚገዛው፣ መርማሪውን ከመላኩ በፊት ከልቡ የሸሸገውን መልስ ሊያስወግድ ይገባል። መርማሪ የጌታውን ፊት ያነባልና፣ ቀጣሪው ማንን እንደሚጠላ ከዐወቀ ዱካው ሁሉ ወደዚያ ይመራዋል። ፒንከርተን ለጄኔራሉ ያቀረበው ቍጥር እና በደንዲ አታላዩ ለገበሬው የሚጠራው ስም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሰሚው ሊሰማ የፈለገውን ነው።

በዚህ ነገር የመንግሥት ሹማምንትና የካህናት ድርሻ ቀላል አይደለም። ሹሙ የተበደለው ሰው አቤት ሲል ቶሎ ቢሰማውና ቢረዳው፣ ገበሬው ወደ አታላይ የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል፤ ወደ አታላይ የሚያስሄደው በብዙ ቦታ የተዘጋ በር ነውና። በግል መርማሪ የቀረበለትንም ወሬ ሹሙ እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ፍርድ አይቀበለው፤ በሐሰት የሰው ስም ያጠፋውንም ሕግ ባዘዘው ይቅጣ። ካህኑም ሰውን የሚያስምል፣ የሚያስታርቅና የሚያናዝዝ ስለ ሆነ፣ የጠቋሚ ወሬ ይዞ በጎረቤቱ ላይ ሊነሣ የተዘጋጀውን ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱ ነው። በዚያች ሰዓት «ይህን የነገረህ ሰው በምን ዐወቀ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ቤተ ሰብ ከጥፋት፣ ሌላውንም ከደም ዕዳ ሊያድን ይችላል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የሚጠራው ግን የሚጠብቀው ሰው ሲኖር ነው። እስኪነጋ መታገሥ ያቃተው ሰው በጨለማ ዱላ ሲያነሣ የሚመታው ሌባውን ይሁን ወንድሙን አያውቅም። ስለዚህ በሬ የጠፋበት ሁሉ በሬውን ይፈልግ፤ ፈላጊም ይቅጠር፤ ነገር ግን ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት፣ በፍለጋው መጨረሻ ላይ ስሙ ለሚጠራው፣ ምናልባትም ንጹሕ ለሆነው ሰው፣ በቅድሚያ ያስብለት።