የመስታወቱን ሥዕል ማን ያነብላታል?



ደምበጫ ላይ የምንሠራው የጸሎት አዳራሽ ግድግዳው ቆሟል፤ ቆርቆሮው ተመቷል፤ የመስኮቶቹ ብረትም ተበይዶ ገብቷል። የቀረው መስታወት ነው። በውጭ አገር የሚኖር አንድ ወንድማችን ወጪውን እሸፍናለሁ አለን። ጌታ ይባርከው። ነገር ግን ከመድረኩ በላይ ያለው ትልቁ መስኮት መልካሙ እረኛ በግ ተሸክሞ የሚታይበት ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ቢሆን ደስ እንደሚለው ጨመረ። ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ፣ “ያን ያህል ወጪ አያስፈልግም፤ ስቲከር ከአዲስ አበባ አስመጥተን እንለጥፋለን” አሉ። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ደግሞ፣ “ከሥዕል የወጣን ሰዎች ሥዕል ልናስገባ ነው?” ብለው ተቆጡ። ክርክሩ ሳምንታት ፈጀ። በመስኮት ጉዳይ የአንዳንዶቻችን ሰላምታ እስከ መቀዝቀዝ ደረሰ።

ስለዚህ ነገሩን በእርጋታ ማየት ይገባናል።

የመስታወት ሥዕል የቆየ ጥበብ ነው። አሸዋና የእንጨት አመድ አንድ ላይ ይቀልጣል፤ ኮባልት ሲገባበት ሰማያዊ፣ መዳብ ሲገባበት ቀይ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ባለሙያው መስታወቱን በቅርጽ በቅርጹ ይቆርጠዋል፤ ፊትና እጅን በጥቁር ቀለም ይሥልበታል፤ ቀለሙ እንዲይዝ እንደገና በእሳት ያልፋል፤ ከዚያም ቁርጥራጮቹን በእርሳስ ዘንግ ያገጣጥማቸዋል። ፓሪስ አጠገብ ባለው የቅዱስ ዴኒስ ገዳም አበምኔቱ ሱጀር ያሠራው አዲስ የሕንፃ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1144 ከተመረቀ በኋላ፣ በአውሮፓ ግድግዳው እየቀነሰ መስኮቱ እየሰፋ መጣ። ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1248 የተመረቀችው ሳንት ሻፔል የምትባለው ቤተ ክርስቲያን 15 ታላላቅ መስኮቶች አሏት። ከ1,100 በላይ ትዕይንቶች ተሥለውባቸዋል፤ አብዛኞቹም የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ናቸው።

ለዚህ ሁሉ ድካም ሲሰጥ የኖረው ምክንያት ከመስታወቱ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ600 ገደማ የማርሴይ ጳጳስ ሴሬኑስ ሕዝቡ ለሥዕል ሲሰግድ አይቶ ሥዕሎቹን ሰበረ። የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ በደብዳቤ መለሰለት፤ አሳቡም ለሥዕል መስገድን መከልከልህ መልካም ነው፣ መስበርህ ግን ልክ አይደለም፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው በመጽሐፍ ማንበብ ያልቻለውን በግድግዳ ላይ ያነበዋልና የሚል ነበር።

የእኛ የወንጌላውያን አባቶች በዚህ ነገር ላይ አንድ ድምፅ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1522 በዊተንበርግ ሥዕሎች በግርግር መነሣት ሲጀምሩ፣ ሉተር ከተደበቀበት ተመልሶ ስምንት ቀን ሰበከ፤ ጣዖት አስቀድሞ ከልብ በቃሉ ይወጣል እንጂ በመዶሻ አይወጣም ሲል አስተማረ። በዙሪክ ግን እ.ኤ.አ. በ1524 በከተማው ምክር ቤት ትእዛዝ ሥዕሎች ከየቤተ ክርስቲያኑ ወጡ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1547 የወጣው የንጉሡ ትእዛዝ የመስኮት ሥዕልንም ይጨምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1643 እና በ1644 ዊሊያም ዳውሲንግ የተባለ ሰው በምሥራቅ እንግሊዝ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን እየዞረ ሥዕል አሰበረ፤ የሰበረውንም እየቆጠረ መዘገበ።

ደግሞ አንድ የሚያስፈግግ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1577 ስለ እንግሊዝ የጻፈው ዊሊያም ሃሪሰን፣ የመስኮት ሥዕሎቹ ወዲያው ያልተነሡት በነጭ መስታወት ለመተካት ወጪው ስለከበደ ነው ይላል። የቆጠቡት ለብር እንጂ ለሥዕሉ አልነበረም! የመስታወት ዋጋ ያስጨነቀን እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የእነዚያው ሰዎች ልጅ ልጆች የመስታወት ሥዕል በብዛት እያሠሩ ወደ አብያተ ክርስቲያናቸው መለሱ።

መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም ወገን ዝም ያሰኛል። እግዚአብሔር ባስልኤልን በስም ጠርቶ የእጅ ጥበብን በመንፈሱ ሞላው (ዘጸአት 31፥1-5)፤ ስለዚህ ውበትን የሚንቅ ሰው የእግዚአብሔርን ስጦታ ይንቃል። ሙሴ በምድረ በዳ በጌታ ትእዛዝ የሠራውን የናስ እባብ ደግሞ ሕዝቡ ውሎ አድሮ ዕጣን ያጥኑለት ጀመር፤ ሕዝቅያስም ሰባበረው (ዘኍልቍ 21፥8-9፤ 2ኛ ነገሥት 18፥4)። የተነደፉት እያዩት የዳኑበት ነገር እንኳ ጣዖት ሊሆን ቻለ። ስለዚህ “ሥዕል ሁሉ ኃጢአት ነው” ማለትም “ሥዕል ምንም አያመጣም” ማለትም አያስኬደንም።

ታዲያ ሚዛኑን ምን ላይ እናድርገው?

በአገራችን የታወቀውን የመስታወት ሥዕል እንመልከት። አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በግንቦት 1955 ዓ.ም. እዚያው ተመሠረተ። መስታወቱ 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ በሦስት ክፍልም የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። ፀሐይ ስትመታው ያስደንቃል። ነገር ግን የትኛው ክፍል ያለፈው፣ የትኛው የሚመጣው እንደሆነ፣ እያንዳንዱም ምስል ማንን እንደሚወክል የሚያስረዳ ከሌለ፣ አብዛኛው ሰው ቀለሙን አድንቆ ይወጣል። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መስኮቶች ላይ ያሉት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችም እንዲሁ ናቸው፤ ታሪኩን ቀድሞ የሰማ ያውቃቸዋል፤ ያልሰማ ባለቀለም ልብስ የለበሱ ሰዎችን ያያል።

የጎጃም ሰው ይህ አይጠፋውም። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙን ሁሉም ይሰማል፤ ወርቁን የሚያወጣ ግን ፈቺ ያስፈልጋል። ሥዕልም ያው ነው። ለሰማ ሰው ያስታውሰዋል፤ ላልሰማ ሰው አይነግረውም።

ይህን ለእኛ የገለጠልን ግን የታሪክ መጽሐፍ አይደለም። በስብሰባችን መጨረሻ አንዲት እናታችን ለመናገር እጃቸውን አነሡ። ፊደል አልቆጠሩም። ሲጠመቁ የሰጠናቸውን መጽሐፍ ቅዱስ በነጠላ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አኑረውታል። እንዲህ አሉ፦ “ልጆቼ፣ ሥዕሉም መልካም ነው፤ ነጩም መልካም ነው። እኔ መጽሐፉን የሚያነብልኝ ሰው አጥቼ ተቀምጫለሁ። ሥዕሉንስ ማን ያነብልኛል?”

ቤቱ ጸጥ አለ። ስለ ሥዕል ሳምንታት ተከራክረን፣ ከአዳራሹ ጥቂት እርምጃ ወደሚርቀው ቤታቸው አንድ ቀን እንኳ መጽሐፍ ይዘን አልሄድንም። በእርሳቸው ስም የተከራከሩ ነበሩ፤ “ላልተማሩት እናቶች ይጠቅማል” እየተባለ። ጎርጎርዮስ ያለውን እየደገምን ነበር። እርሳቸውን ግን የጠየቃቸው አልነበረም።

የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ አስቡ (የሐዋርያት ሥራ 8፥26-39)። ይህ ሰው ማንበብ ይችል ነበር፤ የኢሳይያስ መጽሐፍም በእጁ ነበር። ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ብሎ ሲጠይቀው ግን የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይሆናል ብሎ መለሰ። እግዚአብሔር ለዚህ ለአገራችን ሰው ሌላ መጽሐፍ አልላከለትም፤ ሥዕልም አልላከለትም። ሰው ላከለት። ፊልጶስም ሮጠ፤ ሠረገላው ላይ ወጣ፤ አብሮት ተቀመጠ፤ ከዚያው መጽሐፍ ጀምሮ ኢየሱስን ሰበከለት። ማንበብ ለሚችለው ሰው ይህ ካስፈለገው፣ ለማይችሉት እናታችን ምን ያህል ያስፈልጋቸው!

እንግዲህ አሳባችን ይህ ነው፤ ልትቃወሙትም ትችላላችሁ። አዳራሻችን ነጭ መስታወት ይግባለት። ለዚህ ሁለተኛ ምክንያትም አለን። የመስታወት ሥዕል ውበቱ በቀን ከውስጥ ላለ ሰው ነው፤ ከውጭ ለሚያልፍ ጥቁር መስሎ ይታያል። ጎረቤቶቻችን እዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደምናደርግ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዱም ያልሆነውን ይሰማል። አልፎ የሚሄድ ሰው አሻግሮ አይቶ ስንጸልይና ቃሉን ስናነብ ቢያየን ይሻላል። የምንደብቀው የለንም።

ለወንድማችን ይህንኑ በፍቅር ጽፈንለታል። ነጩ ከሥዕሉ ስለሚረክስ፣ የሚተርፈውን በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ ቅዱስ ለሚጫንባቸው ትንንሽ ማጫወቻዎች እንድናውለው ለምነነዋል። ማጫወቻውም ቢሆን ግን ብቻውን ፊልጶስን አይተካም። ስለዚህ ወጣቶቻችን ሁለት ሁለት እየሆኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማንበብ ወደማይችሉ እናቶችና አባቶች ቤት ይሂዱ። ሽማግሌዎቹም አብረው ይሂዱ፤ በመስኮት የተቀያየሙ ሰዎች በአንድ ቤት ቡና እየጠጡ ቃሉን ቢያነቡ ቂሙ የት ይቆያል?

ወደ ፊት ጌታ ቢፈቅድና ቤተ ክርስቲያኒቱ ብትስማማ ባለቀለም መስኮት ሊኖረን ይችላል። ያን ጊዜ እናታችን ቀና ብለው አይተው፣ “ይህ ያ የጠፋውን በግ የፈለገው ነው፤ ሉቃስ ላይ አንብባችሁልኛል” ካሉ፣ ሥዕሉ ቦታውን አገኘ ማለት ነው። ሳይሉ ከተሰቀለ ግን ለራሳችን ጌጥ ገዝተናል።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንቺም በየአጥቢያችሁ እስቲ ጠይቁ፦ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ መጽሐፍ ቅዱስ በማን ቤት አለ? በዚህ ሳምንት ወደዚያ ቤት የሚሄደውስ ማን ነው?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ስለ ቤትህ ስንጨነቅ ሰዎችህን ስለ ረሳን ይቅር በለን። ለፊልጶስ የሰጠኸውን የሚሮጥ እግር ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።