ልጅዎ የሚወረውረው በክንዱ ብቻ ነው?



በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ በትምህርት ቤቱ እጅ ኳስ ወይም ጦር ውርወራ የሚወድ ልጅ ካለዎት ይህን ያንብቡ።

"ክንዱ የጠነከረ ሩቅ ይወረውራል" የሚለው አመለካከት ልጆችን ይጎዳል ባይ ነኝ። ጉልበቱ የሚነሳው ከእግር ነው፤ በዳሌና በወገብ አልፎ ትከሻ ይደርሳል፤ ክንድ መጨረሻ ነው። በክንዱ ብቻ የሚወረውር ልጅ ጫናውን ሁሉ ክርኑና ትከሻው ላይ ይጥላል። በታዳጊ አጥንት ጫፍ ላይ ደግሞ ገና ያልጠነከረ የእድገት ክፍል አለ፤ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው።

✅ አስቀድሞ ሰውነቱን ያሟሙቅ።
✅ በቀኝ የሚወረውር ግራ እግሩን ያስቀድም፤ መጀመሪያ ዳሌው፣ ቀጥሎ ትከሻው ይዙር።
✅ ክርኑ ከትከሻው በታች አይውረድ።
✅ ከለቀቀ በኋላ እጁን ድንገት አይግታ።

"አመመኝ" ካለ "ይለምደዋል" አይበሉ፤ ውርወራውን ያስቁሙት። ወጌሻ ጋ ወስደው አያሳሹት፤ የተጎዳ የእድገት ክፍል ሲታሽና ሲጎተት ይብስበታል፣ አጥንቱም ጠሞ ሊያድግ ይችላል። ክርኑ ካበጠ፣ መዘርጋት ካቃተው ወይም አርፎ ካልተሻለው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

የስፖርት መምህራን ሆይ፣ ከርቀቱ በፊት አወራወሩን አስተምሩልን።

ለሌሎች ወላጆችም ያጋሩ።