«ነጭ ጉንዳን» ብሎ ነገር የለም!

ሰሞኑን የአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ኤግዚቢሽን ፎቶ ደጋግማችሁ በውስጥ መስመር ላካችሁልኝ። አየሁት። የመስታወት ሳጥን፣ አፈር፣ የሚርመሰመሱ ነፍሳት፣ ከላይ በማርከር «የነጭ ጉንዳን መንግሥት»። አንደኛ ወጥቷል አሉ።

ልጆቹን አልወቅስም። እጃቸውን አቆሽሸው ቆፍረዋል፣ ጎበዞች ናቸው። ጠቤ ከሸላሚዎቹ ጋር ነው። ወገን፣ ያ እኮ ምስጥ ነው! አማርኛ ምስጥና ጉንዳን ብሎ ለይቶ አስቀምጦልን ሳለ የፈረንጁን አጠራር ተርጉመን መልሰን አደባለቅናቸው። ምስጥ የበረሮ ዘመድ ነው፤ ጉንዳን የንብና የተርብ። ለመለየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ጉንዳን ወገቡ ቀጭን ነው፣ አንቴናው እንደ ክርን ይታጠፋል። ምስጥ ወገብ የለውም፣ አንቴናው እንደ ጨሌ የተደረደረና ቀጥ ያለ ነው። ዝናብ ሲጥል አምፖል ላይ የሚፈላው አሸንም ምስጥ ነው፤ አራቱ ክንፎቹ እኩል ናቸው። ክንፍ ያወጣ ጉንዳን ግን የፊተኞቹ ከኋለኞቹ ይበልጣሉ። «በዲፕሎማ ሳይንቲስት ሆንክ እንዴ?» ያልከኝ ወንድሜ፣ ለዚህ ዲግሪ ሳይሆን አጉሊ መነጽር ነው የሚያስፈልገው። እሱም ከሌለ የስልክህ ካሜራ ይበቃል።

እሺ፣ ጉንዳን ነው እንበል። ንግሥቲቱስ የት አለች? አንድ አካፋ አፈር ዝቆ ሳጥን ውስጥ መድፋት ኮሎኒ ማሳደግ አይደለም። እሷ ከታች ናት፤ አካፋው የሚያወጣው ሠራተኞቹን ነው። ያለ እሷ አዲስ ሠራተኛ አይወለድም። ሠራተኞቹ አንዳንዴ እንቁላል ቢጥሉ እንኳ የሚወጣው ወንድ ብቻ ነው፣ ወንድ ደግሞ አይሠራም (አትሳቁ፣ የጉንዳኑን ነው)። ስለዚህ ሳጥኑ በሳምንታት ወይም በወራት ባዶ ይሆናል፣ ልጁም ደብተሩ ላይ «ጉንዳን በሳጥን አይኖርም» ብሎ ይጽፋል። «መምህር፣ ጉንዳን ሞልቷል፣ ቢሞት ምን ይሆናል?» ለምትሉኝ መልሴ ይኸው ነው። ልጁ ውሸት ተማረ! አውሮፓ ውስጥ በሰው እጅ የኖረች አንዲት የላሲየስ ኒጀር ንግሥት ከ28 ዓመት በላይ ቆይታለች እኮ። እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ እያልን ሰሌዳ ላይ የምናስስለውን ልጁ በዓይኑ ሲያየው መክረም ይችል ነበር።

ቤት የሚሠራው ለነዋሪው ነውና መጀመሪያ ማንነቱን እወቁ። ወገቡ ላይ ያለውን ጉብታ ቁጠሩ። አንድ ሆኖ፣ ጀርባው ከጎን ሲታይ እንደ ቅስት ወጥ ሆኖ የሚሄድ ትልቅ ጉንዳን ከሆነ ካምፖኖተስን ጠርጥሩ። ሁለት ጉብታ ኖሮት ሲቆጣ የልብ ቅርጽ ያለውን ሆዱን ወደ ጭንቅላቱ የሚያነሳው ክሬማቶጋስተር ነው። የጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ገለባ ከተከመረ እህል ሰብሳቢ ይሆናል፤ ስኳር ብቻ ሰጥታችሁ «አልበላም አለኝ» እንዳትሉኝ። ገብረ ጉንዳንን ግን በቃ ተዉት። ሥጋ በል ነው፣ ቁጥሩ አያልቅም፣ ሰፈር እየለወጠ ይጓዛል። ሳጥን አይችለውም።

ደግሞ ለምን ትቆፍራላችሁ? ለግንባታ መሠረት ሊወጣበት የተቆረጠ ቦታ ከሆነ ይሁን፣ ያው መጥፋቱ ነው። ካልሆነ ከዝናብ በኋላ ክንፏን ጥላ መሬት ላይ ብቻዋን የምትሮጥ ወፍራም ንግሥት ፈልጉ። ቴስት ቲዩብ ውስጥ ውኃ፣ ጥጥ፣ እሷ፣ እንደገና ጥጥ። ጨለማ ቦታ አስቀምጡና አትነካኩ! ብዙዎቹ ዝርያዎች የመጀመሪያ ልጆቻቸውን ምግብ ሳይቀምሱ ያሳድጋሉ፤ የክንፏ ጡንቻ ቀልጦ ስንቅ ይሆናታል። ሠራተኞቹ እስኪወጡ ከወር በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሲበዙ ጄሶ በጥብጣችሁ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አፍስሱ፣ ሳይደርቅ ክፍል ክፍል ቅረጹለት፣ አንዱን ጥግ ብቻ አርጥቡ። ለምግብ መስጫው የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል፤ አፉን ቫዝሊን ቀቡት፣ እንዳያመልጡ። ቀይ ቀለም ብዙም ስለማያዩ በቀይ ፌስታል ሸፍናችሁ ሳትረብሹ ማየት ትችላላችሁ። መስኮት ላይ ግን እንዳታስቀምጡ፣ ፀሐይ ይቀቅላቸዋል። እስቲ ንገሩኝ፣ ከዚህ ውስጥ «ላብራቶሪ የለንም» የሚያሰኘው የቱ ነው?

እና ደግሞ «ንግሥት በስንት ትሸጣለች?» የምትሉ። በ2025 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ሁለት ወጣት ቤልጂየማውያን 5,000 ገደማ ጉንዳን ልክ እንዲሁ በቲዩብና በጥጥ አሽገው ተያዙ። ፍርድ ቤቱ እያንዳንዳቸውን 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ወይም 12 ወር እስራት ቀጥቷል። የእኛም አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። የዋጋ ኮሜንት ካየሁ አጠፋለሁ። የጉንዳን ፎቶ ግን ላኩ፣ ወገቡ በደንብ እንዲታይ ከጎን አንሱት።