የጀልባ ሞተር በግቢ አይፈታ ለምትሉ ወገኖች



ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰሌዳ ላይ «የጀልባ ሞተር በመኖሪያ ግቢ መፍታትና መጠገን ፈጽሞ ይከልከል» የሚል ሐሳብ ተለጥፎ አይተናል። እሑድ በሚደረገው ስብሰባም ለውሳኔ ይቀርባል ተብሏል። እኔ እቃወማለሁ። የምቃወመውም ባለጀልባ ስለሆንሁ ብቻ አይደለም፤ ሐሳቡ ጣናን አድናለሁ ብሎ ጣናን የሚጎዳ ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር። ጥፋት የለም አልልም። የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ ሲደፋ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ክረምት ሲገባ ያ ቦይ ወርዶ ወርዶ የሚገባው ሐይቁ ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤታችን ባሰጡት ጤፍ ላይ ጥላሸት ያረፈውም በእኔው ሞተር ጭስ ነው። ያን ጊዜ ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ፤ ዛሬም በአደባባይ እጠይቃቸዋለሁ። ማርሚታ ሳይገጥሙ ሞተር አስነሥቶ ሠፈር ማናወጥም ነውር ነው። እስከዚህ ድረስ ከከሳሾቻችን ጋር አንድ ነን።

ታዲያ ኧረ ለመሆኑ፣ ሞተሩ ግቢ ገብቶ ካልተፈታ የት ሊፈታ ነው? ጀልባው ሆድ ውስጥ ነዋ! ያውም ውሃ ላይ እንደ ተንሳፈፈ! የብረት ጀልባን ሆድ ያላየ ሰው ካለ ልንገረው። ሞተሩ ከወለሉ ሥር ተጨቁኖ ነው የሚቀመጠው፤ ከኋላ ያሉትን ቡሎኖች በእጅ መዳሰስ እንጂ በዓይን ማየት አይቻልም። ዘይት ሲለቀቅ ከሥሩ ሳፋ የሚገባበት ቦታ የለም። የፈሰሰው ዘይትና ናፍጣ ጀልባው ሆድ ውስጥ ካቆረው ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ ማታ ውሃ ማውጫው ፖምፓ ሲነሣ ያንን ሁሉ ወደ ጣና ይተፋዋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ መመዝገቡን የጠቀሳችሁ ወገኖች፣ ሐይቁ ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ በአማካይ 10 ሜትር እንደማይሞላም አብራችሁ አስቡ። ክልከላው ዘይቱን ከቦይ አውጥቶ በቀጥታ ሐይቅ ውስጥ ይጨምረዋል።

የእኔን ነገር ላውጋችሁ። ባለፈው ወር ከዘጌ ስመለስ አረም የሞተሩን የውሃ መምጠጫ ዘጋው። (እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ማጣሪያውን ሳያጸዱ መውጣት እብደት ነው፤ ያን ዕለት ግን እኔም ሰንፌ ነበር።) ሞተሩ ጋለ፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጠለ። የዘይት መለኪያውን ስስበው ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሏል። ቴስታታው ጠምሞ እንደሆን ለማየት ጠረጴዛ፣ ቀጥ ያለ ብረትና ብርሃን ያስፈልጋል። ተጎንብሰው በጨለማ የሚሠሩት ነገር አይደለም።

ስለዚህ ባትሪውን ነቀልን፤ ቀጥሎ የሐይቁን ውሃ የሚያስገባውን ቫልቭ ዘጋን። ይህን የረሳ ሰው ጎማውን ሲነቅል ጀልባው ውሃ ይሞላል፤ እኔ በወጣትነቴ ረስቼ፣ እግሬ እስኪረጥብ አላወቅሁም ነበር። ዘይቱን በመለኪያው ቀዳዳ በእጅ ፖምፓ መጥጠን ጄሪካን ውስጥ ጨመርነው። የናፍጣውን መስመር ደፈንን፤ የጭስ ማውጫውን ፈታን፤ ከካምቢዮው ወደ ፕሮፔለሩ የሚሄደውን ዘንግ ለየን። ከዚያ የእግሮቹን ቡሎኖች ፈትተን በፓራንኮ አነሣነው። የከበደ ብረት ስለሆነ ከሥሩ ማንም እንዲቆም አልፈቀድሁም። ግቢ ሲደርስ ጠርዙ የታጠፈ ቆርቆሮ ላይ አስቀምጠን ሰጋቱራ ነሰነስንበት። የተንጠባጠበው እዚያው ቀረ።

«ጋራዥ ይወሰድ» ላላችሁት፣ ከሦስት ዓመት በፊት ወስጄ ነበር። አራት ወር ተቀመጠ፤ ሁለት ቡሎን ጎድሎት ተመለሰ። በመካከሉ የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት በዓል፣ አለፈ። ወደ ዑራ የሚሻገረው ምእመን በሌሎች ጀልባዎች ላይ ተጨናንቆ ሄደ፤ እኔም የዓመቱን ገቢዬን አጣሁ። ለጋራዥ የሚከፍለው የሌለው ደግሞ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? የደከመውን ሞተር እንደ ምንም እያስነሣ ሰው ይጭናል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲመጣ፣ ሐይቁ መሐል ሞተር ጠፋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሐይቅ ዳር ሰው አይጠፋውም። ልጆቻችሁ እኮ ናቸው የሚሳፈሩበት!

እኔ የምለው፣ ማኅበሩ ከመጋዘኑ ደጅ ክዳን ያለው በርሜል ያቁምና የተቃጠለ ዘይት ሁሉ እዚያ ይግባ፤ ሲሞላ ወዴት እንደሚሄድ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ከማዘጋጃ ቤት ጋር ይነጋገር። ቦይ ውስጥ የደፋ ይቀጣ፣ እኔም ብሆን። በሳሙና አጥቤዋለሁ የሚል ምክንያትም አይሠራም፤ ሳሙና ዘይቱን ይበትነዋል እንጂ አያጠፋውም። ሞተር መሞከር በቀን ብቻ፣ ማርሚታ ተገጥሞ ይሁን። የውሃ መምጠጫውም ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ይነከር፤ አለዚያ የፖምፓው የጎማ ክንፍ በደረቁ ተሽከርክሮ ይቃጠላልና ለባለቤቱም ኪሳራ ነው።

የእኔ ሞተር እስከ እሑድ እንደ ተፈታ ይቆያል። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ጎራ በሉና ቆርቆሮውን፣ ጄሪካኑን፣ ከግቢዬ የሚወጣውንም ቦይ ተመልከቱ። ቡና አይጠፋም።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ፣ ባለጀልባ
ባሕር ዳር